የውጭ ባለድርሻ ብናስገባ ድርጅታችን የድሬ መሆኑ ይቀራል?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ውስጥ ላርጎና ዱቄት ሳሙና የምናመርት የሦስት ሰዎች ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለን። ሠራተኞቻችን 40 ገደማ ናቸው። አንድ የቱርክ ባለሀብት 40 በመቶ ድርሻ ልግዛ ብሎናል። አንዱ ሸሪኬ ‹የአገር ልጅ ምርት ብለን ነው ገበያ የገባነው፤ አሁን ለውጭ ሰው ሸጠን ምን ልንባል ነው?› ይላል። ሌላው ‹ድርሻው በእኔ ስም ይያዝ፣ ማንም አያውቅም› ይላል። በዚህ ላይ ሠራተኞቹ ‹የሺፍት አለቆቹ ሁሉ ከአንድ ወገን ናቸው› ብለው ማጉረምረም ጀምረዋል። እኔ የማውቀው ዘመናዊ ድርጅት በትርፍና በሕግ እንጂ በብሔርተኝነት እንደማይመራ ነው። ተሳስቻለሁ? ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦

አዎ፣ ተሳስተዋል። «ዘመናዊ ድርጅት ብሔርተኝነት አያውቅም» የሚለው አባባል በየሥልጠናው ይነገራል። ምኞቱ ጥሩ ነው፣ እውነታውን ግን አይገልጽም። የኩባንያ ዜግነት፣ የንግድ ምልክት፣ ለውጭ ዜጋ የተከለከለ የሥራ ዘርፍ፣ የሥራ ቋንቋ የምንላቸው ነገሮች የዛሬ መልካቸውን የያዙት መንግሥታት «ይህ የኛ ነው፣ ያ የእነሱ ነው» እያሉ ሲከራከሩ ነው። ብሔርተኝነት ስል የአገርንም የብሔርንም ስሜት ማለቴ ነው። ድርጅት ውስጥ ሲገቡ የሚያመጡት ጣጣም ጥቅምም ስለሚመሳሰል አብሬ አያቸዋለሁ።

ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ድሬዳዋ ራሷ ትበቃለች። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሰጡ። ሥራውን የያዘው ኩባንያ በወረቀት ላይ የግል ነበር፤ ለትርፍ የተቋቋመ፣ አክሲዮን የሚሸጥ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ላይ እዚህ ደረሰ። የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደ ጣቢያው ከሥር ሜዳው ላይ ተተከለ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማም በዙሪያው ተቆረቆረች። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ለዓመታት ከዚህ አላለፈም። ገንዘብ አልቆ ነበር። ገንዘብ ብቻ ግን አልነበረም ችግሩ። በዚያው በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው የገንዘብ ድጋፍ ሰጥቶ በምትኩ የቁጥጥር ሥልጣን አገኘ። ምኒልክ ይህን ሲያውቁ ተቆጡ። ለነጋዴ የሰጡት ፈቃድ ዞሮ የሌላ መንግሥት መግቢያ ሊሆን ነው። እንግሊዝና ጣሊያንም በበኩላቸው መስመሩ በፈረንሳይ እጅ ብቻ እንዳይቀር ይሟገቱ ነበር። ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1959 በተደረሰ ስምምነት ኩባንያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 የሁለቱ አገሮች የጋራ ድርጅት ሆነ። ሐዲዱ ያው፣ ጣቢያው ያው ነው። የተቀያየረው ማን እንደሚወስን፣ ደብዳቤው ከየት እንደሚወጣ፣ ማን በየትኛው ወንበር እንደሚቀመጥ ነው። የድሬ የቀድሞ የባቡር ሠራተኞች ፈረንሳይኛ የሚናገሩት ቋንቋው ደስ ስላላቸው ብቻ አይመስለኝም፤ በዎርክሾፑ ውስጥ እድገት የሚያስገኘው እሱ ስለነበር ነው። ስለዚህ ብሔርተኝነት የእናንተም ድርጅት ውስጥ አለ። ጥያቄው በየትኛው ሥራ ላይ እጁን ያስገባ የሚለው ነው።

ከድርሻው ልጀምር። ሸሪክዎ የሚፈሩት ድርሻ ከተሸጠ የድርጅቱ ማንነት አብሮ ይሸጣል ብለው ነው። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሐረር ቢራን ይመልከቱ። ፋብሪካው በመንግሥት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የሆላንዱ ሄኒከን ገዛው። ስሙ ሐረር ሆኖ ቀጠለ። ገዢው ሲገዛ ዋጋ ከከፈለባቸው ነገሮች አንዱ ስሙ ነውና ሊጥለው አይችልም። ሰው ቢራውን የሐረር የሚያደርገው የአክሲዮን መዝገብ አይቶ አይደለም።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። ጥሬ ዕቃ ከማን እንደሚገዛ የሚወስነው ማን ነው? የቀመሩ ደብተር ማን ጋ ነው ያለው? የንግድ ምልክቱ በማን ስም ተመዝግቧል? ቴክኒኩን የሚማረው ማን ነው? እነዚህ በእጃችሁ ካሉ 40 በመቶ መሸጥ ድርጅቱን ከድሬ አይነጥቅም። እነዚህ ከእጃችሁ ከወጡ ግን 90 በመቶ ይዛችሁም በገዛ ግቢያችሁ እንግዳ ትሆናላችሁ።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያስተምረኝ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ ነው። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ተቋቁሞ በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ አስተዳደሩ በአሜሪካው የአየር መንገድ በቲ ደብሊው ኤ እጅ ነበር። አብራሪዎቹም ሥራ አስኪያጁም አሜሪካውያን ነበሩ። ግን ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠንና ቦታውን ቀስ በቀስ ማስረከብ የግንኙነቱ አካል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ። ዘገየ የሚል ይኖራል። እኔ ግን ይህን ከልቤ የማደንቀው አገር ወዳድነት ነው፤ ሙያ ተምሮ ወንበሩን የተረከበ። ያኛው ወገን ሲወጣ የሚያውቅ ሰው ተተክቶ ነበር።

የባንኩም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በምኒልክ ዘመን በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የተቋቋመውና እዚህ ድሬዳዋና ሐረር ቅርንጫፍ የነበረው የአቢሲኒያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1931 በመንግሥት ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ። ካሳ ተከፈለ፣ ሥራ የሚያውቁት ሰዎች በየቦታቸው ቀጠሉ።

በችኮላ የተደረገውስ? ፋሽስት ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1937 መሐመድአሊ የተባለውን ትልቅ የሕንድ ንግድ ቤት ከአገር አስወጣው። ቤቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐረር ላይ ሥራ የጀመረ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ሲዘጋ መጋዘኑን ሌላ ሰው ሊወርሰው ይችላል። የዱቤ መዝገቡን፣ ከባሕር ማዶ አቅራቢዎች ጋር ያለውን እምነት ግን ማንም አይወርሰውም። እ.ኤ.አ. በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያንን ከኡጋንዳ ሲያባርር ሱቆቹና ፋብሪካዎቹ ለማያውቋቸው ሰዎች ተከፋፈሉ፤ ብዙዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ቆሙ። እኛም ጋ ደርግ በጥር 1967 ዓ.ም. ትልልቅ ፋብሪካዎችን ወረሰ፤ የድሬዳዋው ጨርቃ ጨርቅም ከእነዚያ አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፋብሪካ ውሳኔ አዲስ አበባ ካለ ኮርፖሬሽን የሚጠበቅ ሆነ፤ ሥራ አስኪያጅም ሲመረጥ ሙያው ብቻ አልነበረም የሚታየው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሸሪክዎ ሐሳብ ልምጣ። «በእኔ ስም ይያዝ» የሚለውን በጭራሽ አትቀበሉ። ይህን የምለው ያለ ምንም ማመንታት ነው።

ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1972 ብዙ የንግድ ዘርፎችን ለዜጎቿ ብቻ ስታደርግ የተፈጠረው ይኸው ነበር። የውጭ ነጋዴዎች በናይጄሪያውያን ስም ተከልለው ቀጠሉ። ሕጉ ባለቤት እፈጥራለሁ ብሎ ስም አከራይ ፈጠረ። የእናንተ ጉዳይ ደግሞ ይባስ ምክንያት የለሽ ነው፤ መደበቂያ የሚያስፈልገው ነገር የለምና። ማኑፋክቸሪንግ በኢትዮጵያ ለውጭ ባለሀብት ክፍት ነው። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በጋራ የሚሠራ የውጭ ባለሀብት ቢያንስ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ማስገባት አለበት፤ ብቻውን ከሆነ 200,000። የእናንተ ሰውዬ ይህን ማስገባት ካልቻለ ወይም ካልፈለገ የሚደብቀው ዜግነቱን ብቻ አይደለም።

የተደበቀ ድርሻ ሲበላሽ እንዴት እንደሚበላሽ ልንገራችሁ። በወረቀት ባለቤቱ ሸሪካችሁ ነው። ግብር የሚጠየቀው እሱ ነው። ከሚስቱ ጋር ቢፋታ ድርሻው የጋራ ንብረት ነው ይባላል። ቢሞት ለልጆቹ ይሄዳል፤ ልጆቹ የቱርኩን ሰው አያውቁትም፣ ቢያውቁትም የመክፈል ግዴታ አይታያቸውም። የቱርኩ ሰው በበኩሉ ያስገባው ካፒታል በስሙ ስላልተመዘገበ ትርፉን በሕጋዊ መንገድ በውጭ ምንዛሪ ማውጣት አይችልም። ሁለቱ የተፈራረሙት የጎን ወረቀት ፍርድ ቤት ቢቀርብ ሕግን ለማምለጥ የተደረገ ውል ስለሆነ አይጸናም። ስለዚህ ሁሉም በማስፈራራት ይኖራል። ጓደኛሞች በዚህ ሲጠፋፉ አይቻለሁ፤ ገንዘቡ ባይኖር ኖሮ ጓደኝነቱ ይቀጥል ነበር።

ስለ ገበያው አጭር ላድርገው። «የአገር ልጅ» የሚለው መፈክር የመጀመሪያውን ጠርሙስ ይሸጥላችኋል። ሁለተኛውን የሚሸጠው አረፋው ነው። ታይዋን ገበያ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ቆመው የሚገዛውን ሰው ይስሙ። «ኦሪጅናል ነው? ከጅቡቲ የገባ ነው?» የሚል ጥያቄ ነው የሚበዛው። የድሬ ሸማች ዕቃ በባቡር ሲገባ እያየ ያደገ ነው፤ ጥራት ያወዳድራል። የአገር ስሜት ካፒታል ሊሰበስብ ይችላል፣ ይህ የታወቀ ነው። በሕንድ የእንግሊዝን ዕቃ አንገዛም የሚለው ንቅናቄ በተቀጣጠለ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1907፣ የታታ ብረት ኩባንያ ካፒታሉን ከራሳቸው ከሕንዳውያን አገኘ። ግብፅ ውስጥ ታላት ሐርብ እ.ኤ.አ. በ1920 ባንክ ሚስርን በግብፃውያን ባለአክሲዮኖች ብቻ አቋቋመ። ባንኩ ግን በ1930ዎቹ መጨረሻ ችግር ውስጥ ሲገባ የአገር ፍቅር አላዳነውም፤ መንግሥት ነው ደርሶ ያዳነው፣ ሐርብም ኃላፊነቱን ለቀቀ። ብድር የሚመለሰው በስሜት አይደለም።

የጠርሙሱ ላይ ጽሑፍም መታረም አለበት። «መቶ በመቶ የአገር ውስጥ» ብላችሁ ከሆነ አጥፉት። ዋናው የማጽጃ ጥሬ ዕቃ፣ ሰልፎኒክ አሲዱ፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ይህን እናንተም ታውቃላችሁ፣ ተፎካካሪዎቻችሁም ያውቃሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያሳስት መግለጫን ይከለክላል። ሰንደቅ ዓላማ ያለበት ምልክትም ሥልጣን ካለው አካል ፈቃድ ሳይገኝ በንግድ ምልክትነት አይመዘገብም። «ድሬዳዋ ተመረተ» በሉ። ማወፈሪያው ጨው የአፍዴራ ከሆነ የአፍዴራ ጨው በሉ። አጠቃቀሙን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ጻፉ፤ ምሥራቁ ገበያችሁ የሚያነበው በእነዚህ ነው።

በእውነት ላይ የቆመ የቦታ ስም ምን ያህል እንደሚያዋጣ የሐረር ቡና ያሳየናል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋርም ብዙ ክርክር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ስምምነት ተደርሶ ኩባንያው የኢትዮጵያን የስም መብት ተቀበለ። ኢትዮጵያ ያን ክርክር ያሸነፈችው ስሙ ከመሬቱና ከገበሬው ጋር ስለተያያዘ ነው። የእናንተ «የአገር ልጅ» ከምን ጋር እንደሚያያዝ ማሳየት ካልቻላችሁ ዝም ብሎ ቃል ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ እዚህ ልጨምር። የባለድርሻችሁ ዜግነት ባልሠራችሁት ነገር ሊያስከፍላችሁ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የዴንማርኩ የወተት ኩባንያ አርላ በመካከለኛው ምሥራቅ ከመደርደሪያ የወረደው አንድ የዴንማርክ ጋዜጣ ባተመው ካርቱን ምክንያት ነው። ኩባንያው እጁ የለበትም። ለዚህ መድኃኒቱ ምርቱ በራሱ ስም የታወቀ እንዲሆንና የቱርኩ ኩባንያ ስም ጠርሙሱ ላይ እንዳይገባ ማድረግ ነው።

አሁን እርስዎ በመጨረሻ ያነሱት፣ እኔ ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ላይ ደርሻለሁ። የሺፍት አለቆቹ ጉዳይ።

«ከአንድ ወገን ናቸው» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ በጥላቻ አይጀምርም። እንዲህ ነው የሚጀምረው። ድርጅት ሲከፈት አንድ ታማኝ ሰው አለቃ ይሆናል። ሰው ሲያስፈልግ «የምታውቀው ልጅ አለ?» ይባላል። የሚያውቀውን ያመጣል፤ የሚያውቀው ደግሞ ዘመዱን፣ የሰፈሩን ልጅ፣ አብሮት የሚጸልየውን ነው። የመጣው ልጅ ሥራ ይለምዳል፣ ያድጋል፣ እሱም በተራው ሌላ ያመጣል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ማንም «የእነ እገሌን ብቻ ቅጠር» ሳይል ድርጅቱ የአንድ ወገን ይሆናል።

የዋስ ነገር ይህን ያጠነክረዋል። ብዙ ቦታ ከጥበቃ እስከ ማሽን ኦፕሬተር ድረስ ዋስ አምጡ ይባላል። ዋስ የሚሆን ደመወዝተኛ የሚያገኘው ከተማው ውስጥ ሥር ያለው ሰው ነው። ትናንት ከገጠር ወይም ከሌላ ክልል የመጣው ችሎታ ቢኖረውም በሩ ላይ ይቀራል። ወረቀቱ ላይ የብሔር ጥያቄ የለም፤ ውጤቱ ግን እንዳለ ያህል ነው። ዋስን ገንዘብና ንብረት ለሚይዙ ለካሸርና ለስቶር ሠራተኛ ብቻ አድርጉት። ማሽን ለሚያንቀሳቅስ ሰው የሥራ ፈተና ይበቃል።

አድልዎ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ከፈለጉ የቅጥር ፋይሉን አይደለም የምመክርዎት። የኦቨርታይም ዝርዝሩን ያውጡ። ያለፉትን ወራት ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የማን ስም እንደሚደጋገም ይቁጠሩ። በዓል ሲደርስ ማን ገባ? ሌሊት ሺፍት ማን ላይ ተደጋገመ? ዱቄት ሳሙና ማሸጊያው ጋ፣ አቧራው አፍንጫ የሚያቃጥልበት ቦታ፣ ማን ቆሞ ይውላል? ማንም አለቃ ደመወዝ መቀየር አይችልም፤ ኦቨርታይምና የሥራ ቦታ ግን በእጁ ናቸው። ወገንተኝነት መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ሠራተኛውም ከእርስዎ በፊት አይቶታል።

ከዚህ የሚከተለው ሁለት የተሳሳተ መፍትሔ ነው። አንዱ «ሁላችንም ኢትዮጵያዊ ነን፣ እንዲህ ያለ ወሬ አልሰማም» ብሎ ማለፍ ነው። ሠራተኛው ይህን የሚሰማው «አለቆቹን አልነካም» ብለው እንደተናገሩ አድርጎ ነው። ሌላው ኮታ ነው። በከተማችን አስተዳደር የፖለቲካ ሥልጣን ክፍፍል ላይ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረውን 40-40-20 (ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለሌሎች 20 በመቶ) ወደ ፋብሪካ እናምጣ የሚሉ ባለቤቶች አጋጥመውኛል። አይሆንም። ያ የወንበር ክፍፍል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 አሠሪ በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት እንዳያደርግ ተከልክሏል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በፈለገው ቦታ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል። ከሕጉ ሌላ ተግባራዊ ችግሩ ይከብዳል። ለ40 ሰው ድርጅት ኮታ ካወጣችሁ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከሥራው በፊት ብሔሩን መናገር ይገደዳል። ከኦሮሞ አባትና ከሶማሌ እናት የተወለደው፣ ድሬ እንዲህ ያለ ልጅ ሞልቷታል፣ የት ይመደብ?

መደረግ ያለበት ቀላል፣ ግን ድፍረት የሚጠይቅ ነው። የሺፍት አለቃነት መስፈርትን ጻፉ፤ የአገልግሎት ዘመን፣ የማሽን ችሎታ፣ የብልሽት መጠን፣ ሌላውን ማሠልጠን መቻል። ሁሉም የሺፍት አለቆች፣ አሁን ያሉትም ጭምር፣ በዚያ መስፈርት ይወዳደሩ። የሚያልፈው ይቀጥል። ውጤቱን ቦርድ ላይ ለጥፉ። ኦቨርታይም በተራ ይሁን፤ ተራውን አለቃው ሳይሆን ቢሮ ያውጣው። በአዲሱ ምርጫ ከቀድሞዎቹ ግማሹ ተመልሰው ቢያልፉ አትደንግጡ። መስፈርቱ ግልጽ ከሆነ ሠራተኛው ይቀበለዋል። ደግሞም ጥሩ የነበረ አለቃ በወገኑ ምክንያት ብቻ መነሳት የለበትም፤ ያም አድልዎ ነው።

ቋንቋን በተመለከተ ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም፣ የአካል ደኅንነትም ነው። ኮስቲክ ሶዳ የምትበጠብጡ ከሆነ ደንቡን ታውቃላችሁ። ኮስቲኩ በጥቂት በጥቂቱ ውሃ ውስጥ ይጨመራል እንጂ ውሃ ኮስቲኩ ላይ አይፈስስም። ከተገለበጠ ይፈላል፣ ይፈናጠራል፣ ዓይን ያጠፋል። ይህ ማስጠንቀቂያ በአንድ ቋንቋ ብቻ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የማያነበው ሠራተኛ ከአለቃው አፍ ይጠብቃል። አለቃው የዚያን ዕለት ከወገኖቹ ጋር እያወራ ከሆነ? ማስጠንቀቂያዎቹ በሦስቱ ቋንቋ ይጻፉ፣ ለማያነብ ደግሞ ሥዕል ይጨመር። ይህ ሳምንት የማይፈጅ ሥራ ነው።

የቱርኩ ባለሀብት ሲመጣ የራሱን ሰዎች ይዞ መምጣቱ አይቀርም። የኢንቨስትመንት አዋጁ በአገር ውስጥ ያልተገኘ ባለሙያ ከውጭ ማምጣትን ይፈቅዳል፤ በሥልጠና በኢትዮጵያውያን እንዲተኩም ይፈልጋል። ይህን በወረቀት ብቻ አትተዉት። ለእያንዳንዱ የውጭ ባለሙያ አንድ ስሙ የተጠቀሰ ኢትዮጵያዊ ተተኪ፣ የሚማረው ነገርና የሚረከብበት ጊዜ ውሉ ላይ ይግባ። ይህ ከሌለ ፋብሪካው ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ይፈጠራል፤ እነሱ ለብቻ ይበላሉ፣ እኛ ለብቻ። ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ተግሣጽ «ፈረንጁ ናቀን» ይባላል፤ ትክክለኛ ተግሣጽም ቢሆን።

ለአገራዊ ጉዳይ መዋጮ ሲመጣም ጥንቃቄ አይለየን። ለሕዳሴው ግድብ በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ከደመወዙ ቦንድ ገዝቷል፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ያን የሰጠ ሠራተኛ ኩራቱ ተገቢ ነው። ግን አሠሪ ስለሆናችሁ ብቻ ከሠራተኛ ደመወዝ ለአገር ብላችሁ መቁረጥ አትችሉም። ሕጉ የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት ይፈልጋል፤ ተቆራጩም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

ይህ ሁሉ ቢደረግም ድርጅታችሁ ከከተማው ውጪ አይኖርም። ውጥረት ሲነሳ ወደ ግቢያችሁ ይገባል፤ መስፈርት ጽፎ መለጠፍ ይህን አያስቀርም። በእንዲህ ያለ ቀን ድርጅት የፖለቲካ መግለጫ አያውጣ። ሰርቪሱ የሁሉንም ሰፈር ሠራተኛ በሰላም ያድርስ፣ መንገድ ተዘግቶበት የቀረ ሰው ደመወዙ አይቆረጥ፣ የወር ደመወዝ በቀኑ ይከፈል። ሠራተኛው ስለ እናንተ የሚያስታውሰው ይህን ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ድርሻውን ሽጡ፤ በግልጽ፣ በቱርኩ ሰው ስም፣ ካፒታሉን በሕግ አስመዝግባችሁ። በግልጽ መመዝገብ ካልፈለገ አሰናብቱት። ከመፈረማችሁ በፊት የመመሥረቻ ጽሑፋችሁን ከጠበቃ ጋር ሆናችሁ አንብቡ፤ ጽሑፉን ለማሻሻል ምን ያህል ድምፅ እንደሚጠይቅ እዩ። 60 በመቶ ስለያዛችሁ ሁሉን ትወስናላችሁ ማለት አይደለም፤ ከፍተኛ ድምፅ በሚጠይቅ ጉዳይ ላይ 40 በመቶ የያዘ ሰው ብቻውን ሊያግድ ይችላል። የንግድ ምልክቱና ቀመሩ በማኅበሩ ስም ይመዝገቡ እንጂ በእሱ ኩባንያ ስም አይሁኑ። ጥሬ ዕቃ ከእሱ ዘመድ ኩባንያ ብቻ እንዲገዛ የሚያስገድድ አንቀጽ ካለ አውጡት፤ ትርፋችሁ የሚያልቀው በዚያ ነው። መውጣት ሲፈልግ መጀመሪያ ለእናንተ እንዲሸጥ የሚል አንቀጽ ይግባ።

ከሁሉ በፊት ግን የሺፍት አለቆቹን ምርጫ ጨርሱ። ድርድሩ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ ሠራተኛው ለውጡን ሁሉ የቱርኩ ሰው ሥራ አድርጎ ያየዋል። ቦታው የሚቀርበት አለቃም «በፈረንጅ ተባረርኩ» ብሎ ግቢውን ያሳምጽባችኋል። አሁን ከሆነ ውሳኔው የእናንተ የሦስታችሁ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። መስፈርቱን በዚህ ወር ለጥፉ፣ ውጤቱን አሳውቁ፣ አዲሱ አሠራር ትንሽ ይሂድ። ከዚያ የቱርኩን ሰው ጥሩት።